የኦክ ዛፎቹ ወደ አውስትራሊያ፦ ሮማኒያ ለራግቢ ዓለም ዋንጫ እንዴት ትዘጋጅ?

በስፖርት ዓምዳችን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ እግር ኳስና ስለ ሯጮቻችን ነው። ዛሬ ግን በሀገራችን ብዙም ስለማይታወቅ ራግቢ ስለሚባል ስፖርትና ስለ አንዲት ሀገር ቡድን ነው የምጽፍላችሁ። ሀገሪቱ ሮማኒያ ናት። ቡድኗ እ.ኤ.አ. በ2027 አውስትራሊያ ውስጥ ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ አልፏል። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 2020 ዓ.ም. ይጀምራል።

«ለምን ሮማኒያን መረጥሽ? ደቡብ አፍሪካ ወይም ኒውዚላንድ አይሻልም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ሮማኒያን የመረጥኳት ሁልጊዜ ስለምታሸንፍ አይደለም። እንዲያውም በዓለም ዋንጫ ብዙ ጊዜ ትሸነፋለች። እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ከእሱ በጣም የሚበልጡ ቡድኖች እንደሚጠብቁት እያወቀ የሚሄድ ቡድን ምን ብሎ ነው የሚዘጋጀው? ይሄ ጥያቄ ለእኛም ይጠቅመናል።

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ራግቢ ምንድን ነው?

ራግቢ በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ኳሱ ቅርጹ እንደ እንቁላል ስለሆነ መሬት ሲነካ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም። በአንድ ቡድን ሜዳ ውስጥ 15 ተጫዋቾች ይገባሉ፤ ተቀያሪዎቹ ደግሞ 8 ናቸው። ጨዋታው 80 ደቂቃ ነው፤ 40 ደቂቃ ተጫውተው ያርፉና ሌላ 40 ይጨምራሉ።

ኳሱን በእጅ ማቀበል የሚቻለው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደ ፊት የሚኬደው ኳሱን ይዞ በመሮጥ ወይም በእግር በመምታት ነው። እስቲ አስቡት፣ ወደ ፊት ለመሄድ ወደ ኋላ ማቀበል! ኳስ የያዘውን ተጫዋች ተጋጣሚው ይዞ መጣል ይችላል፤ አንገትና ጭንቅላት መያዝ ግን ክልክል ነው።

ነጥብ የሚገኘው በ4 መንገድ ነው፦

- ትራይ፦ ኳሱን ከተጋጣሚው የጎል መስመር አሳልፎ በእጅ መሬት ማስነካት። 5 ነጥብ።
- ከትራይ በኋላ የሚመታ ተጨማሪ ምት፦ ኳሱ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ ካለፈ 2 ነጥብ።
- የቅጣት ምት፦ 3 ነጥብ።
- ድሮፕ ጎል፦ ጨዋታው ሳይቆም ኳሱን ለቆ፣ መሬት ነክቶ ሲነሳ መትቶ በቋሚዎቹ መካከል ማሳለፍ። 3 ነጥብ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ስክረም። ትንሽ ጥፋት ሲፈጠር ጨዋታው የሚጀመረው በስክረም ነው። ከየቡድኑ 8 ሰው ተቃቅፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከሌላው ቡድን 8 ሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይገፋፋል። አንዱ ብቻውን ቢበረታ ዋጋ የለውም፤ ስምንቱም በአንድ ጊዜ መግፋት አለባቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስክረምን አይቶ የተነገረ ነው የሚመስለው። ሮማኒያ ድሮም ዛሬም የምትታወቀው በዚህ በስክረም ነው።

2. ሮማኒያ የት ናት?

ሮማኒያ በደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ ትገኛለች። ዋና ከተማዋ ቡካሬስት ነው። የዳኑብ ወንዝ በደቡብ ድንበሯ በኩል አልፎ ጥቁር ባሕር ይገባል። የቆዳ ስፋቷ የኢትዮጵያን ሩብ እንኳ አይሞላም፤ የሕዝቧም ቁጥር ወደ 19 ሚሊዮን ነው። በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ በጂምናስቲክ 10 ከ10 ያገኘችው ናዲያ ኮማኔቺ ሮማኒያዊት ናት። የእግር ኳሱ ጆርጅ ሃጂም ከዚያው ነው። ማራቶን የምትከታተሉ ደግሞ በ2008 በቤጂንግ ኦሎምፒክ የሴቶችን ማራቶን ያሸነፈችው ሮማኒያዊት እንደሆነች ታስታውሳላችሁ።

ራግቢን ወደ ሮማኒያ ያመጡት ፈረንሳይ ተምረው የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ያኔ አንደኛው የዓለም ጦርነት ገና አልተጀመረም ነበር። በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ ራግቢ ሲካሄድ የመጡት 3 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፦ አሜሪካ፣ ፈረንሳይና ሮማኒያ። ሮማኒያ ሁለቱንም ጨዋታ በሰፊ ልዩነት ተሸንፋ ነሐስ ወሰደች። ለሀገሪቱ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ እሱ ነው። «ከ3 ሦስተኛ መውጣት ምኑ ይወራል!» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ግን ሌሎቹ ሀገሮች አልመጡም፣ እነሱ መጡ። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ብሔራዊ ቡድናቸው ቢጫ ማሊያ፣ ሰማያዊ ቁምጣና ቀይ ካልሲ ይለብሳል፤ የባንዲራቸው ቀለም ነው። ቅጽል ስማቸው «ስቴዣሪ» ይባላል። ኦክ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች ማለት ነው። ኦክ እንጨቱ ጠንካራ ነው፤ በእኛ ሀገር ወይራ እንደሚባለው ማለት ነው።

3. ታላላቆቹን ያሸነፉበት ዘመን

አሁን የምጽፈውን ብዙ ሰው አያምንም። ሮማኒያ በአንድ ወቅት የዓለምን ታላላቅ ቡድኖች ታሸንፍ ነበር።

- 1960፦ ሮማኒያ 11፣ ፈረንሳይ 5
- 1980፦ ሮማኒያ 15፣ ፈረንሳይ 0
- 1983፦ ሮማኒያ 24፣ ዌልስ 6
- 1984፦ ሮማኒያ 28፣ ስኮትላንድ 22
- 1988፦ ሮማኒያ 15፣ ዌልስ 9 (በዌልስ ሜዳ በካርዲፍ!)
- 1991፦ ሮማኒያ 18፣ ስኮትላንድ 12

ስኮትላንድ በ1984 እንግሊዝን፣ ፈረንሳይን፣ ዌልስንና አየርላንድን በሙሉ አሸንፋ ነበር። በዚያው ዓመት ቡካሬስት ሄዳ ተሸነፈች።

ታዲያ ይሄ ኃይል ከየት መጣ? በዚያን ጊዜ ሮማኒያ የኮሚኒስት ሀገር ነበረች። ትልልቆቹ ክለቦች የመንግሥት ነበሩ። ስቴዋ የጦር ሠራዊቱ ክለብ ነበር፤ ዲናሞ ደግሞ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር። ተጫዋቾቹ በወረቀት ወታደር ወይም ፖሊስ ናቸው፤ ሥራቸው ግን በአብዛኛው ልምምድ ነው። በሌሎች ሀገሮች ደግሞ ራግቢ ያኔ ደመወዝ አልነበረውም። አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ገበሬ ሆኖ ይሠራና ማታ ነበር የሚለማመደው። ስለዚህ ሮማኒያውያን በልምምድ ይበልጡ ነበር።

4. ለምን ወደቁ?

እኔ ያገኘኋቸው ምክንያቶች 3 ናቸው።

አንደኛ፣ በታኅሣሥ 1989 በሮማኒያ አብዮት ተነሣ። መንግሥቱ ወደቀ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ከሞቱት አንዱ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋችና አምበል የነበረው የጦር መኮንን ፍሎሪካ ሙራሪዩ ነው። ከዚያ በኋላ ክለቦቹን ይደግፍ የነበረው የመንግሥት ገንዘብ ቀነሰ። ጎበዝ ተጫዋቾችም እንጀራ ፍለጋ ወደ ፈረንሳይ ሄዱ።

ሁለተኛ፣ በ1995 የዓለም ራግቢ ለተጫዋቾች ደመወዝ መክፈል ፈቀደ። ሀብታም ሀገሮች ተጫዋቾቻቸውን ሙሉ ጊዜ ማሠልጠን ጀመሩ። ሮማኒያ በልምምድ የነበራት ብልጫ በአንድ ጊዜ ጠፋ።

ሦስተኛ፣ ትልልቆቹ የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ እርስ በርስ የሚገጥሙበት ውድድር አላቸው። ድሮ 5 ሀገሮች ነበሩ። በ2000 ጣሊያን ተጨምራ 6 ሆኑ፤ ሮማኒያ ግን አልገባችም። በዚያ ውድድር መውረድና መውጣት ስለሌለ ከታች ያለ ቡድን የቱንም ያህል ቢያሸንፍ አይገባም። ሮማኒያ በ2004 ጣሊያንን 25 ለ 24 አሸንፋ ነበር። ጣሊያን ግን በየዓመቱ ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ትጫወታለች፤ ሮማኒያ አትጫወትም። ከጎበዝ ጋር ያልተፈተነ በምን ይጎብዛል?

ልዩነቱን በቁጥር ላሳያችሁ። በ1995 የዓለም ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሮማኒያን ያሸነፈችው 21 ለ 8 ነበር፤ ልዩነቱ 13 ነው። ያ ኔልሰን ማንዴላ ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን ያስረከቡበት ዓመት ነው። በ2023 እነዚያው ሁለት ሀገሮች ሲገናኙ 76 ለ 0 ሆነ። በ2001 ደግሞ እንግሊዝ 134 ለ 0 አሸንፋለች።

5. በወረቀት መውጣት፣ በወረቀት መግባት

የራግቢ ዓለም ዋንጫ የተጀመረው በ1987 ነው። ሮማኒያ ከ1987 እስከ 2015 አንዱም አላመለጣትም፤ በተከታታይ 8 ጊዜ ተሳትፋለች። ለ2019ኙ ግን ቀረች። ምክንያቱ ሽንፈት አልነበረም። በማጣሪያው ያሰለፉት አንድ ተጫዋች ከዚያ በፊት ለቶንጋ በ7 ሰው ራግቢ ተጫውቶ ስለነበር ለሮማኒያ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። በ6 ጨዋታ ስለተሰለፈ በእያንዳንዱ 5፣ በድምሩ 30 ነጥብ ተቀነሰባቸው። በቦታቸው ሩሲያ አለፈች። እስቲ አስቡት፣ ሜዳ ላይ የደከሙት ልጆች ሁሉ በአንድ ወረቀት ምክንያት ቤታቸው ቀሩ!

ለ2023 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ስፔን አልፋ ነበር፤ እሷም የማይፈቀድለት ተጫዋች አሰልፋ ተገኘች። ነጥቧ ተቀንሶ ሮማኒያ በቦታዋ ገባች። በዓለም ዋንጫውም ይሄን አገኘች፦

- አየርላንድ 82፣ ሮማኒያ 8
- ደቡብ አፍሪካ 76፣ ሮማኒያ 0
- ስኮትላንድ 84፣ ሮማኒያ 0
- ቶንጋ 45፣ ሮማኒያ 24

ስንደምረው የተቆጠረባቸው 287 ነው፤ ያገቡት 32 ብቻ። ከ32ቱ ውስጥ ግን 24ቱ የተገኘው በመጨረሻው ጨዋታ መሆኑን ልብ በሉ። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ተቀጥቅጦ በአራተኛው ቀን ቀና ብሎ መጫወት ቀላል አይደለም።

6. የ2027 ዕድል፦ በሒሳብ እንየው

በ2025 ሮማኒያ ማጣሪያውን ያለፈችው በማንም ስህተት ሳይሆን ሜዳ ላይ ተጫውታ ነው። ከእሷ ጋር ጆርጂያ፣ ስፔንና ፖርቱጋል አልፈዋል። ከአህጉራችን ዚምባብዌም ከ1991 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አልፋለች። በነገራችን ላይ፣ ሮማኒያ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው በ1987 በዚምባብዌ ላይ ነው፤ 21 ለ 20።

በዕጣው የሮማኒያ ምድብ እንዲህ ሆነ፦ ደቡብ አፍሪካ፣ ጣሊያን፣ ጆርጂያ፣ ሮማኒያ። ደቡብ አፍሪካ 4 ጊዜ ዋንጫ የበላች ናት። ጣሊያን ከላይ የጻፍኩላችሁ ናት። ጆርጂያ ደግሞ በካውካሰስ ተራሮች ያለችው ሀገር ናት እንጂ የአሜሪካኗ ግዛት አይደለችም።

ስለ ጆርጂያ ደስ የሚል ታሪክ አለ። ሁለቱ ሀገሮች ሲጋጠሙ የሚወዳደሩት «የአንቲም ዋንጫ» ለሚባል ዋንጫ ነው። አንቲም ጆርጂያ ተወልደው፣ ተማርከው ከሀገራቸው የወጡ፣ በኋላም በሮማኒያ ምድር የኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ የሆኑ አባት ናቸው። መጻሕፍትም ያሳትሙ ነበር። ሁለቱ ሀገሮች የጋራ አባታቸው ስለሆኑ ዋንጫውን በስማቸው ሰየሙት። በቅርብ ዓመታት ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው ጆርጂያ ናት፤ ሮማኒያ በ2017 8 ለ 7 አሸንፋ ነበር።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ2027 ቡድኖቹ 24 ናቸው፤ በ6 ምድብ ተከፍለው አራት አራት ይሆናሉ። ከየምድቡ 2 ያልፋሉ፤ 6 ሲባዛ በ2 12 ነው። ሦስተኛ ከወጡት 6 ቡድኖች ደግሞ የተሻሉት 4 ይጨመራሉ። 12 ሲደመር 4፣ 16 ይሆናል። ሮማኒያ እስካሁን በ9 ዓለም ዋንጫ 32 ጨዋታ ተጫውታ 6 ብቻ አሸንፋለች፤ ከምድቧም አልፋ አታውቅም። አሁን ግን አንድ ጨዋታ አሸንፋ ሦስተኛ ብትወጣ የማለፍ ተስፋ አላት።

ሌላም አለ። በምድብ ጨዋታ ያሸነፈ 4 ነጥብ ያገኛል፤ አቻ የወጣ 2። 4 ትራይና ከዚያ በላይ ያስቆጠረ 1 ይጨመርለታል። ተሸንፎም ልዩነቱ 7 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 1 ነጥብ አለው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ታግሎ መሸነፍና ተስፋ ቆርጦ መሸነፍ በነጥብም ይለያያሉ።

7. ታዲያ እንዴት ይዘጋጁ?

እነዚህ የአሰልጣኞቹ ዕቅድ አይደሉም፤ እኔ ከታሪካቸው ያወጣኋቸው ትምህርቶች ናቸው።

ሀ. ወረቀቱን ቀድሞ ማጣራት። ለአንድ ሀገር ለመጫወት እዚያ መወለድ፣ ወይም ወላጅ ወይም አያት እዚያ የተወለዱ መሆን፣ ወይም በዚያ ሀገር ራግቢ ውስጥ ብቻ በተከታታይ 5 ዓመት ተመዝግቦ መቆየት፣ ወይም በድምሩ 10 ዓመት እዚያ መኖር ያስፈልጋል። የ2019ኙን ያየ ቡድን ከልምምድ በፊት ይሄን ያያል።

ለ. የሚያውቁትን ማጠንከር። በ2015 ከካናዳ ጋር ሲጫወቱ በሁለተኛው አጋማሽ ገና 15 ለ 0 እየተመሩ ነበር። ከዚያ ምን አደረጉ? አዲስ ነገር አልሞከሩም። አጥቂዎቹ ተቃቅፈው፣ ኳሱን መሃላቸው ይዘው እየገፉ ሄዱ፤ አምበላቸው ሚሃይ ማኮቬይ 2 ትራይ አገባ። በመጨረሻ ፍሎሪን ቭላይኩ የቅጣት ምት አስቆጠረ። እንደምረው፦ 2 ትራይ 10፣ 2 ተጨማሪ ምት 4፣ 1 የቅጣት ምት 3፤ በድምሩ 17። ሮማኒያ 17፣ ካናዳ 15! በዚያን ጊዜ በዓለም ዋንጫ ታሪክ ከኋላ ተነሥቶ በማሸነፍ ትልቁ ነበር።

ሐ. ትንፋሽ። ከዚያው ውድድር ከፈረንሳይ ጋር የተጫወቱት መስከረም 23 ነው፤ ከአየርላንድ ጋር መስከረም 27። በ4 ቀን ልዩነት ሁለት ከባድ ጨዋታ! ስለዚህ 15 ጎበዝ ብቻ አይበቃም። ተቀያሪዎቹም እንደ ቋሚዎቹ መዘጋጀት አለባቸው።

መ. ከሚበልጣቸው ጋር ደጋግሞ መጫወት። ሽንፈት ቢኖርም ይሻላል። በመጀመሪያ ጊዜ ጠንካራ ቡድን የምታየው በዓለም ዋንጫ ላይ ከሆነ ዘግይተሃል።

ሠ. ከታች መጀመር። በ2027 ብቻ ሳይሆን በሚቀጥለው ዋንጫ የሚጫወተው ልጅ ዛሬ ትምህርት ቤት ነው ያለው። እሱ ኳስና አሰልጣኝ ካላገኘ የትልልቆቹ ዝግጅት የአንድ ጊዜ ይሆናል።

ረ. አንድ ጨዋታ መምረጥ። ሁሉንም እኩል ለማሸነፍ መመኘት ጥሩ ነው፤ ግን ሮማኒያ ያላት ትልቁ ዕድል ከጆርጂያ ጋር ይመስለኛል። ሁለቱም በስክረም ያምናሉ፣ በደንብም ይተዋወቃሉ።

8. የእኔ አስተያየት

«84 ለ 0 የሚሸነፍ ቡድን ለምን ይሄዳል? ቤቱ አይቀመጥም?» የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። በ1924 የሄዱት ተሸንፈው ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ፤ ያልሄዱት ምንም የላቸውም። መሄድ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በ2023 ሄደው 287 ተቆጥሮባቸዋል። መሄድም መዘጋጀትም አብረው መሆን አለባቸው። ዝግጅትም የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ አይደለም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ? እኛም የሚቀጥለው ዓመት የ8ኛ ክፍል ፈተና አለብን። ፈተናው ሲደርስ ደብተር ከማገላበጥ አሁን ከደካማው ትምህርታችን መጀመር ይሻላል። በሒሳብ 40 የሚያመጣ ልጅ ወዲያው 100 ላያመጣ ይችላል፤ 55 ካመጣ ግን ያ የእሱ የካናዳ ጨዋታ ነው።

ለሰውነት ማጎልመሻ መምህራኖቻችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ራግቢን ያለ መጣልና ያለ መገፋፋት መጫወት ይቻላል። እያንዳንዱ ተጫዋች ወገቡ ላይ በግራና በቀኝ ሁለት ቁራጭ ጨርቅ ያንጠለጥላል፤ ኳስ የያዘውን በመጣል ፈንታ ጨርቁን መንጠቅ ነው። ሴትና ወንድ አብሮ ይጫወታል፣ የመጎዳት ዕድሉም ያነሰ ነው። ኳሱን ከጨርቅ ሞላላ አድርገን መስፋት እንችላለን። ስክረምና መጣልን ግን ያለ አሰልጣኝ እንዳትሞክሩ፤ አንገት ይጎዳል።

የክለሳ ጥያቄዎች

1. በራግቢ ኳስ በእጅ ወደ ፊት ማቀበል ይቻላል? ካልተቻለ ወደ ፊት እንዴት ይኬዳል?
2. አንድ ቡድን 3 ትራይ፣ 2 ተጨማሪ ምትና 2 የቅጣት ምት አስቆጠረ። ስንት ነጥብ አገኘ?
3. ሮማኒያ በ2019 የዓለም ዋንጫ ያልተሳተፈችው ለምንድን ነው?
4. አንድ ቡድን 20 ለ 14 ቢሸነፍና 2 ትራይ ብቻ ቢያስቆጥር በምድቡ ስንት ነጥብ ያገኛል?
5. ለመምህራንም፦ የሮማኒያ ራግቢ ከ1989 በኋላ ከወደቀባቸው 3 ምክንያቶች ዋናው የቱ ይመስላችኋል? ለምን?

መልሱን ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱ። በሚቀጥለው እትም ትክክለኛውን መልስ ይዤ እመለሳለሁ። እስከዚያው ቸር ይግጠመን!